ማስኪን በቶፕዋተር ማጥመድ፦ የትኛውን ከመግዛት በፊት እንዴት መጠምጠም እንዳለብን

ሰሜን ሐይቅ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

ሰላም ለሁላችሁም። በሚኒሶታ የማስኪ፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው ትልቅ አዳኝ ዓሣ፣ የማጥመድ ወቅት በጁን የመጀመሪያ ቅዳሜ ተከፍቶ እስከ ዲሴምበር 1 ይቆያል። ከዚህ ረጅም ወቅት ውስጥ በውኃው ገጽ ላይ እየተንሳፈፉ የሚሄዱትን ማጥመጃዎች፣ ማለትም በተለምዶ ቶፕዋተር የምንላቸውን፣ በሙሉ ልብ የምንወረውርበት ጊዜ ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ያለው ነው። ሰሞኑን በግል መልእክት የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው «የትኛውን ልግዛ?» የሚሉ በመሆናቸው፣ ሐሳቤን ሁሉም በሚያየው ቦታ ማስፈር መረጥሁ። በእኔ እምነት የማጥመጃው ዓይነት ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ ዋናው ጉዳይ ዓሣው ከኋላ መጥቶ ውኃውን ሲያፈነዳው አጥማጁ እጁን መግዛት መቻሉ ነው።

ቢሆንም ጀማሪ የሆነ ሰው ልዩነታቸውን ማወቁ ይጠቅመዋል። በጭራቸው በኩል የሚሽከረከር ክንፍ ያላቸው፣ እንደ ቶፕ ሬደር እና እንደ ዎፐር ፕሎፐር ያሉት፣ ክሩ በሪል (ክሩን በሚጠቀልለው መሣሪያ) ላይ እየተጠመጠመ ቀጥ ብለው ሲሳቡ ውኃውን እየረጩና እየጮኹ ስለሚመጡ ለመልመድ ቀላል ናቸው። ላሪ ዳልበርግ የፈጠረው ዎፐር ፕሎፐር በተለያየ መጠን የሚሠራ ሲሆን፣ ለማስኪ በብዛት የሚመረጠው 190 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። እንደ ዛራ ስፑክ እና እንደ ዶክ ያሉት ደግሞ ዝም ብሎ ለሚጠመጥማቸው ሰው ምንም አይሠሩም፤ አጥማጁ የዘንጉን ጫፍ በአጭር በአጭሩ ነካ ነካ ሲያደርገው ነው አፍንጫቸው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየዞረ የሚሄዱት። ሦስተኛዎቹ በግራና ቀኛቸው የብረት ክንፍ ያላቸው፣ ወይም እንደ ጂተርበግ ከፊታቸው ሰፊ የብረት ከንፈር የተገጠመላቸው፣ በዝግታ እየተንገዳገዱ የሚዋኙት ናቸው። ነፋስ ውኃውን ሲያናውጠው የመጀመሪያዎቹን፣ ውኃው ሲረጋ ደግሞ የኋለኞቹን አነሣለሁ።

ማስኪ ማጥመጃውን የሚያየው ከበታቹ ሆኖ፣ በሰማዩ ብርሃን ላይ እንደ ወደቀ ጥቁር ቅርጽ ነው። ተከትሎት ሲመጣ በትልቅ ሰውነቱ ውኃውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ማጥመጃው ተንሳፋፊና ቀላል ስለሆነም ያ የተገፋ ውኃ ከዓሣው አፍ ላይ ሊያሸሸው ይችላል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ምት ብዙ ጊዜ ውኃውን ብቻ አፈንድቶ ያልፋል። አጥማጁ በዚያች ቅጽበት ደንግጦ ዘንጉን ወደ ላይ ቢመነጭቀው፣ ማጥመጃው ከዓሣው ፊት ተወርውሮ ወደ ጀልባው ይበራል፤ ለሁለተኛ ምት የተዘጋጀው ዓሣም ባዶ ውኃ ላይ ይቀራል። ፍጥነቱን ሳይለውጥ መጠምጠሙን የቀጠለ ሰው ግን ዓሣው ተመልሶ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣለት ያያል። መንጠቆውን ለማስያዝ ዘንጉ በዓሣው ክብደት እስኪጎብጥ መጠበቅ፣ ከዚያም ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ጎን አጥብቆ መሳብ ያስፈልጋል። ወደ ጎን የተሳበ ዘንግ ዓሣው ቢያመልጥ እንኳ ሦስት ትልልቅ መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ማጥመጃ ወደ ሰው ፊት አይወረውርም።

የዘንጉ ርዝመት ከስምንት ጫማ ተኩል በላይ፣ ክሩ ከ80 እስከ 100 ፓውንድ የሚችል የተጠለፈ ክር ቢሆን በቂ ነው። የተጠለፈ ክር ይንሳፈፋል፣ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ማጥመጃው ሩቅ ሳለ እንኳ መንጠቆው ይገባል። ከማጥመጃው በፊት የሚታሰረው አጭር ማገናኛ፣ ማለትም ሊደር፣ የማስኪን ጥርስ የሚቋቋም መሆን አለበት፤ ሆኖም ከባድ የሽቦ ሊደር የእነ ዛራ ስፑክን አፍንጫ ወደ ታች ስለሚጎትት ለእነርሱ ወፍራም ፍሎሮካርቦን (ሰው ሠራሽ ክር) ይሻላል።

—

ማታ ወርዋሪ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድም ሰሜን ሐይቅ፣ ስለ ጽሑፍህ አመሰግናለሁ። ስለ ክብደት መጠበቅ ባልኸው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በሰዓቱ ላይ ግን የምጨምረው አለኝ። እንደ ሚኒቶንካ ባለ፣ ቀን ቀን በጀልባ በሚጨናነቅ ሐይቅ ላይ ቶፕዋተር በእውነት የሚሠራው ጀልባዎቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ ነው። ጸሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት፣ ከዚያም ጨረቃ ስትወጣ ያለው ጊዜ ለእኔ ከሙሉ ቀን ይበልጣሉ።

በጨለማ ዓሣው በዓይኑ ብቻ አያድንም፤ በጎኑ ርዝመት የተዘረጋው የስሜት መስመር የውኃውን ንዝረት ይነግረዋል። ስለዚህ ማታ ላይ የማያቋርጥና የማይለዋወጥ ድምፅ ያለው ማጥመጃ ያስፈልጋል። ጂተርበግን የመሰለ ማጥመጃ በዝግታ ሲጠመጠም ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ በእኩል ልዩነት ይመጣል፤ ዓሣው ያን ምት ተከትሎ ወዴት እንደሚደርስ አስቀድሞ ማወቅ ይችላል። አንድ ጊዜ ቆም ብታደርገው ግን ዒላማውን ታጠፋበታለህ። ቀለሙን በተመለከተ ጥቁር እመርጣለሁ፤ ከበታች ለሚያይ ዓሣ በጨለማ ሰማይ ላይ ጎልቶ የሚታየው እርሱ ነውና።

ማታ ለመውጣት ያሰበ ሰው የጀልባውን መብራቶች መፈተሽ፣ የግንባር መብራትና ግልጽ መነጽር ማድረግ አለበት። መነጽሩን ያነሣሁት ለወጉ አይደለም፤ በጨለማ ወደ ጀልባው የሚበር ማጥመጃ አይታይም።

—

አዲስ ጀማሪ (ብሩክሊን ፓርክ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን ዎልአይና ባስ የሚባሉትን ዓሦች ብቻ ነው የማጠምደው። ማስኪ ማጥመጃውን እስከ ጀልባው ጎን ድረስ ተከትሎ እንደሚመጣ፣ በዚያን ጊዜም የዘንጉን ጫፍ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ማዞር እንደሚገባ ሰምቻለሁ። ውኃ ውስጥ በሚሄድ ማጥመጃ ይህ ይገባኛል፤ በተንሳፋፊ ማጥመጃ ግን እንዴት ይሆናል? ማጥመጃው ላይ ላይ ሆኖ ነው የሚዞረው ወይስ ወደ ውስጥ መግፋት ያስፈልጋል?

—

ሰሜን ሐይቅ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ መልስ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው።

ከጀልባው ሁለት ሜትር ያህል ሲቀርዎት የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ ያድርጉ፤ ሊደሩ ወደ ዘንጉ ቀለበት እስኪቃረብ ድረስ ብቻ ይጠምጥሙ። ከዚያ መጠምጠሙን ትተው በዘንጉ ብቻ ይምሩት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ከሁሉም ይበልጥ ሰፊ መሆን አለበት። ማስኪ ረጅም ዓሣ ነው፤ አንድ ሜትር ከሩብ ርዝመት ያለው አካል በጠባብ ቦታ መዞር አይችልም። ብዙ ሰው ጠባብ ዙር እየሠራ ዓሣውን ከማጥመጃው ያለያየዋል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ትንሽ ያፍጥኑ እንጂ በፍጹም አያቁሙ።

ተንሳፋፊውን በሚመለከት፣ ጭራው የሚሽከረከር ከሆነ ላይ ላይ እንዳለ ሊዞር ይችላል፣ ድምፁም አይቋረጥም። ረጅም ዘንግ ያለው ሰው ግን የዘንጉን ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውኃው ከትቶ ማጥመጃውን ከገጹ በታች ማዞር ይችላል፤ ይህ በተለይ ዓሣው ዝቅ ብሎ እየተከተለ ሲታይ ይጠቅማል። ማታ ከሆነ ምንም ባያዩም በእያንዳንዱ ውርወራ መጨረሻ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር ይሥሩ። በጨለማ ከሚያዙት ዓሦች ብዙዎቹ የሚያዙት እዚያው ጀልባው ጎን ነው።

የሪሉን ፍሬን (ክሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚለቀቅ የሚቆጣጠረውን) ሳልጠቅስ አልለፍ። እዚያ ቦታ ላይ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ዓሣው አፍ ያለው ክር አጭርና የማይለጠጥ ስለሆነ፣ ዓሣው እንደተያዘ ወደ ታች ሲወረወር ኃይሉን የሚያለዝብ ነገር የለም። አውራ ጣትዎ ሪሉ ላይ ሆኖ ክር ለመልቀቅ ዝግጁ መሆን አለበት።

—

የሸናንዶዋ ወንዝ (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ከሚኒሶታ ላሉት ወንድሞቼ አክብሮቴን እየገለጽሁ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ግን ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። «ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር» የሚለው ምክር እኛ ዘንድ ዓሣ ይገድላል።

በቨርጂኒያ ማስኪ የምናጠምደው በጄምስ፣ በኒው እና በሸናንዶዋ ወንዞች ነው። የእነዚህ ወንዞች ውኃ በጁላይና በኦገስት በቀላሉ ከ80 ዲግሪ ፋራናይት (27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ያልፋል። ውኃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የዓሣው አካል ግን በሙቀት ጊዜ ይበልጥ ኦክስጅን ይፈልጋል። በዚህ ላይ በዘንግ ታግሎ የደከመ ማስኪ ሲለቀቅ እየዋኘ ሊሄድ ይችላል፤ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ዓሣው ግን ከሰዓታት በኋላ ከታች ሞቶ ይቀራል። በበጋ አንዳንዶቹ ቀዝቃዛ ምንጭ ወይም ጅረት ወደ ወንዙ በሚገባበት ቦታ ተሰብስበው ይታያሉ። ወደዚያ መወርወር ቀላል ነው፤ በእኔ እምነት ግን ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም፤ መሸሸጊያቸው ነውና።

ስለዚህ ለእኛ የቶፕዋተር ጊዜ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን መግቢያ፣ ከዚያም ከሴፕቴምበር አጋማሽ ጀምሮ ውኃው እስኪቀዘቅዝ ያለው ነው። በቀን መቁጠሪያ ከመመራት ይልቅ በጀልባው ላይ ቴርሞሜትር መያዝ፣ ማለዳ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማየት፣ 80 ከሆነ ደግሞ ለባስ የሚሆነውን ትንሽ ዘንግ ማንሣት ነው የሚሻለው።

በወንዝ ስለሚደረገው ውርወራ ደግሞ አጭር ነገር ልበል። ከፈጣኑ ውኃ ጎን ያለውን እርጋታ፣ የወደቀ ዛፍ ያለበትን ዳርና ጅረት የሚገባበትን አፍ (ውኃው በቀዘቀዘ ጊዜ) ፈልጉ። ማጥመጃውን ከውኃው ፍሰት ጋር ወደ ታች ስትስቡት ጭራው በደንብ አይዞርም፤ ፍሰቱን አቋርጦ ቢሄድ ይመረጣል።

—

ሰሜን ሐይቅ

ወንድም ሸናንዶዋ፣ ይህን ማንሣትህ ተገቢ ነው፤ በሙሉ እቀበለዋለሁ። እኛም ዘንድ በጁላይ መጨረሻ የሴንት ፖል አካባቢ ትንንሽ ሐይቆች 80 ዲግሪን የሚያልፉባቸው ሳምንታት አሉ። በእነዚያ ሳምንታት ወደ ሰሜን፣ ወደ ቨርሚሊዮን ወይም ወደ ሊች ሐይቅ መሄድ፣ ያ ካልተቻለ ማስኪን ትቶ ሌላ ዓሣ ማጥመድ ይገባል። ቶፕዋተር እጅግ ማራኪ የሚሆንበት ጊዜና ዓሣው እጅግ የሚጎዳበት ጊዜ ጎን ለጎን መሆናቸው የዚህ አጠማመድ ትልቁ ፈተና ነው፤ እዚህ መድረክ ላይ በየዓመቱ ደጋግመን ብንነጋገርበት አይበዛም።

—

የሐዋሳ ልጅ (ዴንቨር፣ ኮሎራዶ)

ወንድሞቼ፣ በቅንነት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። እኔ ያደግሁት ሐዋሳ ነው፤ አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ሲወርድ እያየሁ። እኛ ዓሣ የምናውቀው ለመብል ነው። እዚህ ግን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲወረውር አድሮ፣ ያን የሚያህል ዓሣ ይዞ፣ ፎቶ አንሥቶ ይለቀዋል። ካልተበላ ለምን ይያዛል? ይህ በዓሣው ላይ መጫወት አይሆንም ወይ?

—

ሰሜን ሐይቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትልቅ ነው፣ በክብርም እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ሕጉን ላስቀድም። በሚኒሶታ ከ2015 ጀምሮ አንድ ማስኪ ይዞ ወደ ቤት ለመውሰድ ርዝመቱ ቢያንስ 54 ኢንች፣ ማለትም 137 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት 48 ኢንች ነበር። አብዛኛው ሰው በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ዓሣ ስለማይይዝ፣ መልቀቅ በተግባር ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ከሕጉ በስተጀርባ ያለው ምክንያት ማስኪ በባሕርዩ ጥቂት መሆኑ ነው። የሐይቁን ሌሎች ዓሦች የሚያድን እንስሳ ስለሆነ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ቁጥሩ ከቆሮሶ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የ50 ኢንች ርዝመት ያላት ሴት ዓሣ እዚያ ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባታል፤ እርሷን አውጥቶ መብላት ሐይቁን ለዓመታት ያጎድለዋል። ለመብልም ቢሆን የሚመከር አይደለም፤ ረጅም ዕድሜ የሚኖር አዳኝ ዓሣ በሥጋው ውስጥ ሜርኩሪ ያከማቻል፣ የሚኒሶታ ጤና መምሪያም ነፍሰ ጡሮችና ልጆች ማስኪ እንዳይበሉ ይመክራል። ለሚበላ ዓሣ ዎልአይ አለን።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዛሬም ድረስ በዓለም ክብረ ወሰንነት የሚጠቀሰው፣ ካል ጆንሰን በ1949 ዊስኮንሲን ውስጥ የያዘው 67 ፓውንድ ከ8 አውንስ የሚመዝን ማስኪ ተገድሎ ነው የተመዘነው፤ በዚያ ዘመን ሁሉም እንዲያ ያደርግ ነበር። አሁን ግን ልማዱ ተለውጧል። በኖቬምበር 2021 በሚላክስ ሐይቅ የተያዘው፣ 55 ፓውንድ ከ14.8 አውንስ የሚመዝነው የሚኒሶታ ክብረ ወሰን እንኳ ተመዝኖ የተመዘገበው አጥማጆቹ ሊለቁት ሞክረው ባለማገገሙ ነው።

«መጫወት» ያልኸውን በተመለከተ፣ መጫወት የሚሆነው ዓሣውን ለመልቀቅ ሳይዘጋጁ መውጣት ነው ብዬ አምናለሁ። የተዘጋጀ ሰው ዓሣውን ከውኃ አያወጣውም። ሰፊና በጎማ የተለበጠ መረብ ጀልባው ጎን ውኃ ውስጥ እንዳለ ይይዘዋል፤ ዓሣው እዚያው እየተነፈሰ ይቆያል። ረጅም ፒንሳ መንጠቆውን ይነቅላል፤ መንጠቆው ወደ ስንጥቡ ተጠግቶ ወይም ጠልቆ ከገባ ደግሞ በመንጠቆ መቁረጫ ቆርጦ መጣል ነው፣ አዲስ መንጠቆ ርካሽ ነው። ፎቶ ካስፈለገ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ፣ አንድ እጅ ከመንጋጋው ሥር፣ ሌላው ከሆዱ ሥር ሆኖ፣ ዓሣው በአግድሙ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይነሣል። በመንጋጋው ብቻ ቀጥ አድርጎ ማንጠልጠል የውስጥ አካሉን ይጎዳዋል። ከዚያ ጭራው ሥር ይዞ በራሱ ኃይል እስኪላቀቅ መጠበቅ ነው።

—

የሐዋሳ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሜርኩሪውን ነገር አላውቅም ነበር። ጥያቄዬ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል ባልልም፣ ጥንቃቄውን ግን አከብራለሁ።

—

ታፕስ ዳር (ታኮማ፣ ዋሽንግተን)

ከምዕራቡ በኩል የጎደለ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ ንጹሑ ማስኪ የለም፤ ያለው የማስኪና የዘመዱ የፓይክ ዓሣ ድቅል የሆነው ታይገር ማስኪ ነው። መካን ስለሆነ ከተፈለገው በላይ አይባዛም፤ በዚህም ምክንያት ግዛቱ ፓይክሚኖ የሚባለውንና ሌላውን በብዛት የሚራባ ዓሣ እንዲቀንስ በጥቂት ሐይቆች ይለቀዋል። ሜይፊልድ፣ መርዊንና ከቤቴ ቅርብ ያለው ታፕስ ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። ለመውሰድ የሚፈቀደው ርዝመት 50 ኢንች ነው።

ጀልባ የሌለኝ በመሆኑ ከዳር ሆኜ ነው የምወረውረው፤ ለዳር አጥማጅ ደግሞ ቶፕዋተር ከሁሉም ይመቻል፣ ሣር ውስጥ አይያዝምና። የሣሩ ጫፍ ከገጹ ግማሽ ሜትር ያህል በታች በሆነበት ቦታ ሌላ ማጥመጃ ሁሉ ሣር ይዞ ይመለሳል፤ ተንሳፋፊው ግን ከላዩ ያልፋል፣ ዓሣውም ሣሩ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቀው እዚያው ነው። ወደ ዳር ሲቀርብ ውኃው ስለሚያጥር የስምንት ቁጥሩን ትቼ ዘንጉን ከዳሩ ጋር አጓዳኝ አድርጌ ወደ ጎን እየመራሁ አንድ ረጅም መታጠፊያ እሠራለሁ።

—

ማታ ወርዋሪ

በጭራ ላይ ክንፍ ስላላቸው ማጥመጃዎች አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳይቀር። ከሱቅ የወጣ አዲስ ማጥመጃ ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጥም። ጀልባው ጎን አድርጋችሁ በዝግታ ሳቡትና ተመልከቱት። ጭራው በዝግታም ሲጠመጠም ወዲያው መዞር መጀመር አለበት፤ ፈጥኖ ካልተጎተተ የማይዞር ከሆነ የብረቱን ክንፍ በፒንሳ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ወደ ፊት ማጠፍ ውኃውን ይበልጥ እንዲይዝ ያደርገዋል። ከመጠን በላይ ከታጠፈ ግን ማጥመጃው ራሱ ከጭራው ጋር መሽከርከር ይጀምራል፤ ክሩንም ያጠማዝዘዋል።

ድምፁንም አድምጡ። ብረቱ በብረት ላይ እየተፋተገ ሲጥ ሲጥ የሚል ሲሆን፣ ብዙዎቻችን ያን ድምፅ ዘይት ቀብተን ማጥፋት አንፈልግም፤ አንዳንድ አጥማጅ እንዲያውም ያ ጩኸት እስኪመጣ አዲሱን ማጥመጃ ያለማምደዋል። እኔ የማጥመጃውን መልክ ሳላይ በድምፁ ብቻ ከሳጥኑ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ለይቼ አውቃለሁ፤ ማታ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ድምፁ በድንገት ሲቋረጥ ሣር እንደያዘ ወይም ዓሣ እንደጎረሰው የማውቀው በዚያ ነውና።

—

አዲስ ጀማሪ

ሁሉንም አነበብሁ፤ ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለዚህ ዓመት አቅሜ የሚፈቅደው ሁለት ማጥመጃ ብቻ ነው። በዋነኝነት የምሄደው ወደ ኋይት ቤር ሐይቅ፣ ከሥራ በኋላ አመሻሽ ላይ ነው። ሁለቱ የትኞቹ ይሁኑ?

—

ሰሜን ሐይቅ

ለአመሻሽ አንድ ጭራው የሚሽከረከር፣ ለጨለማው ደግሞ አንድ በዝግታ እየተንገዳገደ የሚሄድ፤ ሁለቱም ጥቁር ይሁኑ። በዘንግ ጫፍ ነካ ነካ መደረግ የሚያስፈልጋቸውን እነ ዛራ ስፑክን ለሚቀጥለው ዓመት ይተዉአቸው፤ እጅ ለማላመድ ጊዜ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ትልቅ መረብ፣ ረጅም ፒንሳና መንጠቆ መቁረጫ ገና ካልገዙ፣ ከሁለቱ ማጥመጃዎች አንዱን ትተው በዚያ ገንዘብ መቁረጫውን ይግዙ። መረቡን እኔ አውስዎታለሁ፤ ተጨማሪ ስላለኝ በግል መልእክት ይጻፉልኝ።